«ብቃት»፣ «ቁጠባ»፣ «ቆጣቢነት»፤ ስለ ቤትና ሕንፃ የኃይል አጠቃቀም በተለመዱ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ ቤትና ሕንፃ የሚፈጀውን ኃይል ስለ መቀነስ በአማርኛ ብዙ ተጽፏል። አዋጅ ወጥቷል፤ የደረጃ ሰነድ ተዘጋጅቷል፤ ለገጠር እመቤት የሚታደል ወረቀት፣ ለከተማ ነዋሪ የሚነገር ማስታወቂያ፣ ለተማሪ የሚቀርብ ምንባብ ታትሟል። ከነዚህም የሚበዙት ከውጭ ቋንቋ የተመለሱ ወይም በውጭ ቋንቋ ታስበው በአማርኛ የተጻፉ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የነዚህን ጽሑፎች ስያሜ ነው። ጸሐፊዎቹን በስም አንጠራም፤ ጥፋቱ የአንድ ሰው ካለመሆኑም በላይ እኛም ራሳችን በትርጉም ሥራ ላይ ሳለን ከነዚሁ ቃላት አንዳንዶቹን ሳንመረምር ተጠቅመንባቸዋል።

ስያሜዎቹን የምንፈትንበት ስፍራ ቁይ ነው። ቁይ በምሥራቅ ጎጃም የደባይ ጥላትግን ወረዳ ከተማ ናት፤ ደጋ ናት፤ ባለቆርቆሮው የከተማ ቤትና ሣር ክዳኑ የገጠር ቤት በአንድ የገበያ ቀን የሚገናኙባት ናት። ስያሜ በአዳራሽ ሲመረጥ ብዙ ጊዜ የሚመዘነው ከግእዝ ሥሩ ወይም ከእንግሊዝኛው አቻው አንጻር ነው። እኛ ግን አንድ ሦስተኛ ሚዛን እንጨምራለን፤ ይኸውም በምድጃ ዳር ያለው ሰው አስቀድሞ ምን ይል ነበር? የሚለው ነው።

የደጋ ሰው እሳትን የሚያስተዳድርባቸው ቃላት ብዙ ናቸው። ማታ ራት ከተበላ በኋላ ፍሙ በአመድ ይሸፈናል፤ ይህ «ማዳፈን» ነው። ሌሊቱን ያለ ማገዶ ያደረው ረመጥ ጠዋት ተገልጦ በጭራሮ ይያያዛል። እሳት የጠፋባት ጎረቤት «እሳት ልትጭር» ትመጣለች። እንጀራ ጋጋሪዋ የመጨረሻዎቹን እንጀራዎች የምታወጣው ማገዶ ሳትጨምር ምጣዱ በያዘው ግለት ነው፤ በተረፈው ግለት ደግሞ ቆሎ ትቆላለች። እንጨቱም ይለያል። ቶሎ ቦግ ብሎ የሚያልቀው «በረከት የለውም» ይባላል፤ እየተጎተተ ብዙ ሥራ የሚያሠራው «በረከት አለው» ይባላል። ከሚገባው በላይ እንጨት የሚበላ ምድጃ ደግሞ «እንጨት ፈጅ» ነው። «ፍጆታ» የምንለው የኢኮኖሚ ቃል ከዚሁ ግሥ መውጣቱን ልብ ይሏል። እንግዲህ ስለ ኃይል አጠቃቀም የሚጻፍ ማናቸውም ወረቀት ወደዚህ ቤት ሲገባ የሚያገኘው ባዶ ሜዳ አይደለም።

ወደዚህ ቤት ከገቡት ስያሜዎች ትልቁ «ብቃት» ነው። በ2006 ዓ.ም. የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ከወጣ ወዲህ በመሥሪያ ቤቶች ጽሑፍ «የኢነርጂ ብቃትና ቁጠባ» የሚለው ጥምር ሐረግ የተለመደ ሆኗል። የአዋጁን ሥራ እንዲያስፈጽም የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኢነርጂ ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. በነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ከተተካ በኋላም ሐረጉ አልተለወጠም። እዚህ ላይ ተርጓሚዎች እንዲያስታውሱት የምንፈልገው ነገር አለ። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ቅጂዎች ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ስለዚህ በሕግ ቋንቋ ውስጥ የገባ የአማርኛ ስያሜ የእንግሊዝኛው ጥላ ተደርጎ ሊታይ አይችልም፤ ዳኛ የሚያነበውና የሚያስረው እርሱ ነው። ቃሉ የሚለው ሌላ፣ ሕግ አውጪው ያሰበው ሌላ ከሆነ ክርክሩ የሚወድቀው በቃሉ ላይ ነው።

«ብቃት» ምን ይላል? ከግእዙ «በቍዐ» ጋር የሚዛመደው «በቃ» የተባለው ግሥ በአማርኛ ቢያንስ ሦስት ነገር ይናገራል። መጠን ሲሞላ «በቃኝ» እንላለን። ሰው ለሥራ ወይም ለማዕርግ ሲደርስ «ለዚህ በቃ» እንላለን። በጸሎትና በተጋድሎ ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰ መነኩሴ «የበቃ አባት» ይባላል። በሦስቱም ውስጥ አንድ ነገር የተፈለገበት ልክ መድረሱ እንጂ በስንት ወጪ እንደ ደረሰ አይጠየቅም። እንዲያውም በመነኩሴው ዘንድ ወጪው በበዛ መጠን ብቃቱ ይከብራል። ምድጃን ግን የምንጠይቀው ይህን አይደለም። ሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ እንጀራ ለመጋገር በሚገባ ይበቃል፤ ከጥንት ጀምሮ ጋግሯል። «ብቃት የለውም» ብሎ የሚነግራት ወረቀት ለጋጋሪዋ ሐሰት ሆኖ ይታያታል፤ በአማርኛው ሕግ ደግሞ እርሷ ትክክል ናት። የምድጃው ጉድለት ለመብቃት ከሚገባው በላይ መፍጀቱ ነው። ይህንን ደግሞ «ብቃት» አይሸከምም።

ሌሎቹን አማራጮች በአጭሩ እንለፋቸው። «ቅልጥፍና» ፍጥነትን ይናገራል፤ ቀልጣፋ ጸሐፊ ቶሎ የሚጨርስ ነው፤ ቦግ ብሎ የሚነድ እሳት ደግሞ ቀልጣፋ ቢሆንም አባካኝ ነው። «ውጤታማነት» ውጤት መገኘቱን ብቻ ስለሚል ከ«ብቃት» የተሻለ ርቀት አይሄድም። «በረከት»ን አንዳንድ የቋንቋ ወዳጆች ሲያነሡት ሰምተናል፤ እኛም ልባችን ወደዚያ ያደላል፤ ይሁን እንጂ ሃይማኖታዊ ክብደቱ በመለኪያ ሰሌዳ ላይ ከቁጥር ጋር እንዲቀመጥ አይፈቅድለትም። «በረከቱ 20 በመቶ» ብሎ የሚጽፍ መሐንዲስ አይገኝም፤ ቢገኝም ባልተገኘ ያሰኛል።

አሁን ወደ «ቁጠባ» እንመለስ፤ የጉዳዩ ክብደት ያለው እዚህ ነውና። «ቆጠበ» ማለት ካለው ላይ ሳይነኩ ማስቀረት፣ እጅን መሰብሰብ ነው። ገንዘብ የቆጠበ ሳይበላው ያስቀመጠ ነው፤ «ቁጥብ ሰው» ከንግግርም ከድርጊትም ራሱን የሰበሰበ ነው። በዚህ ትርጉሙ «የኢነርጂ ቁጠባ» የሚለው ለአንድ የተወሰነ ነገር ትክክለኛ ስያሜ ነው፤ ያልተፈለገ መብራት ማጥፋት፣ ውኃ ከሚያስፈልገው በላይ አለማፍላት። በ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በናረ ጊዜ በምዕራቡ ዓለም መንግሥታት ሕዝባቸውን በቅድሚያ የጠየቁት ይህንኑ ነበር። በ1969 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሹራብ ለብሰው በቴሌቪዥን ቀርበው የቤታችሁን ማሞቂያ ዝቅ አድርጉ ብለው ለመኑ። ይህ ቁጠባ ነው፤ የሚጎድል ምቾት አለበትና። ከዚያ በኋላ ባለሙያዎቹ ያተኮሩበት መንገድ ግን ሌላ ነው፤ ምቾቱ ሳይጎድል፣ ሥራው ሳይቀር፣ የሚፈጀው ኃይል እንዲያንስ ቤቱንና ዕቃውን መለወጥ። እንግሊዝኛው ለሁለቱ ሁለት ቃል አለው። የእኛ ጽሑፎች ግን «ብቃትና ቁጠባ» ብለው አጣምረው ከጀመሩ በኋላ በሁለተኛው ገጽ «ብቃት»ን ይጥሉና በ«ቁጠባ» ብቻ ይቀጥላሉ።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል። ከሩቅ ጭራሮ ለቅማ፣ ኩበት ጠፍጥፋ የምትጋግር የቁይ አካባቢ ሴት «ማገዶ ቆጥቢ» ስትባል የምትሰማው ወቀሳ ነው። እርሷ ፍም አዳፍና የምታድር፣ በምጣዱ ግለት ቆሎ የምትቆላ ናት፤ ከእርሷ የበለጠ ቆጣቢ ከየት ይመጣል? እንጀራ ቀንሺ ካልተባለች በስተቀር የምትቀንሰው ነገር የላትም። ሊቀየር የሚገባው ምድጃው ነው። ስያሜው ግን ድርጊቱን ከዕቃው ወስዶ በሰዋ ላይ ጣለው። በደኻ ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን አደራ በሰዋስው ይወጣል ወይም ያጎድላል።

መፍትሔው ከሩቅ የሚመጣ አይደለም፤ ሕዝቡ ካበጀው ቆይቷል። ባለሙያው «የተሻሻለ ምድጃ» ሲል ገበያው «ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ» አለ። በ2000ዎቹ (ዓ.ም.) መጀመሪያ የመብራት ኃይል መሥሪያ ቤት አሮጌ አምፖል እየተቀበለ በብዛት ያደለው አምፖል «ኃይል ቆጣቢ አምፖል» ተባለ፤ በኋላም «ቆጣቢ አምፖል» ተብሎ አጠረ። እነዚህ ሐረጎች ሁለት መልካም ጠባይ አላቸው። አንደኛ፣ ቆጣቢው ዕቃው ነው፤ ሰውየው መብራቱን እንደ ልቡ ያበራል። ሁለተኛ፣ የሚቆጠበው ነገር በስሙ ተጠርቷል፤ ማገዶ ወይም ኃይል። ስለሆነም የዕቃውን ወይም የሕንፃውን ጠባይ «ቆጣቢነት»፣ የሰውን ድርጊት «ቁጠባ» ብንል ከአንድ ሥር በሁለት ቅርጽ ሁለቱን ሐሳቦች እንለያለን። «ቆጣቢነት» ባዕድ ቅርጽ የለውም፤ ከባለቤት ቅጽል «ነት» ጨምሮ ስም ማውጣት የአማርኛ የዕለት ሥራ ነው። «የኢነርጂ ቆጣቢነትና ቁጠባ» ቢባል ለጆሮ ትንሽ ይደጋገማል፤ ሆኖም ድግግሞሹ ራሱ አንባቢው ልዩነቱን እንዲጠይቅ ያደርገዋል፤ «ብቃትና ቁጠባ» ግን ማንንም አያስጠይቅም።

ይህ ሐሳብ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣበታል፤ አሳንሰን ልናልፈው አንፈልግም። የፊዚክስ ሰዎች በዚህ ቃል የሚያስቡት ስሌት ነው፤ ከገባው ኃይል ውስጥ ለተፈለገው ሥራ የዋለው ስንት እጅ ነው? የሚል። «ቆጣቢነቱ 20 በመቶ ነው» ብንል አንባቢው ከቀድሞው 20 በመቶ ያድናል ማለት ነው ብሎ ይረዳል፤ ሊቃውንቱ ግን ከመቶ ሃያው ለምጣዱ ደረሰ ማለታቸው ነው። ሁለቱ በጣም የተራራቁ ናቸው። ነገሩን በቁጥር እንየው። ሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ሙቀት ለሥራ የሚውለው ብዙ ጊዜ ከመቶ ዐሥር ያህል ተብሎ ይገመታል። አንድ ወረቀት አዲሱን ምድጃ «በ50 በመቶ የተሻሻለ ብቃት ያለው» ቢለው ሦስት ዓይነት ንባብ ይቻላል። ከመቶ ዐሥር የነበረው ከመቶ ዐሥራ አምስት ሆኗል፤ በዚህ ንባብ ከሦስት ሸክም እንጨት አንዱ ይተርፋል። ወይም ማገዶው በግማሽ ቀንሷል፤ ያን ጊዜ ከመቶ ዐሥር የነበረው ከመቶ ሃያ ሆኗል ማለት ነው። ወይም ከሙቀቱ ግማሹ ለምጣዱ ይደርሳል፤ ይህ ሦስተኛው ንባብ ከአምስት ሸክም አራቱን ያተርፋል፤ የሚያደርገው የማገዶ ምድጃ ግን እኛ አላየንም። ተርጓሚ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚመልስ ካላወቀ ወይ ምድጃውን ያዋርደዋል፤ ወይ ገዢዋን ያታልላታል።

ስለዚህ ለስሌቱ ሌላ ቃል ያስፈልጋል። እኛ «የጥቅም ድርሻ» የሚለውን እናቀርባለን፤ ከጠቅላላው ሙቀት ለጥቅም የደረሰው ድርሻ ማለት ነው፤ ሁልጊዜ ከመቶ ይነገራል፤ ከራሱ ከዕቃው በቀር ማወዳደሪያ አይፈልግም። «ቆጣቢነት» ደግሞ ምንጊዜም «ከ…ይልቅ» ያስከትላል፤ ከምን ይልቅ? ተብሎ ሳይመለስ ቁጥር አይጻፍበት። በፊዚክስ ትምህርት ውስጥ «ብቃት» ለስሌቱ ሥር ሰድዷል የሚል መምህር ካለ በዚያው በትምህርቱ አጥር ውስጥ ይኑርለት እንላለን፤ ወደ ምድጃው ግን አይምጣ።

ስለ ምድጃ ካነሣን አይቀር የንግድ ስሞቹን ሳንተች ማለፍ አንችልም። በ1980ዎቹ (ዓ.ም.) ውስጥ የኢትዮጵያ ኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል ከሲሚንቶና ከፑሚስ በተገጣጣሚ ክፍሎች የሚሠራውን የእንጀራ ምድጃ አበጀ፤ «ምርጥ» ተባለ። ምጣዱን ዙሪያውን ከቦ እሳቱን ከነፋስ የሚጋርድ፣ በስተኋላው ጭሱ በሚወጣበት ላይ ድስት ማስጣድ የሚችል ሲሆን ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶን እስከ ግማሽ እንደሚያድን በፍተሻ ታይቷል። በዚያው ዘመን ከኬንያው የሸክላ ከሰል ምድጃ ተሞክሮ ተወስዶ የተሠራው «ላቀች» ተባለ። በኋላም «ጎንዚዬ» እና «ትክክል» ተከተሉ። ስሞቹ ለጆሮ ያማሩ ናቸው፤ በተለይ «ላቀች» በሴት አንቀጽ የተነገረ ግሥ ሆኖ የሰው ስም መምሰሉ ወደ ቤት ለመግባት ረድቶታል። ሆኖም «ምርጥ»፣ «ላቀች» እና «ትክክል» የውዳሴ ቃላት ናቸው፤ ዕቃው ምን እንደሚሠራ የሚናገር ከመካከላቸው አንድ የለም። ውዳሴ ደግሞ በገበያ ርካሽ ነው። ምርጥ ቡና፣ ምርጥ ዘር፣ ምርጥ ሳሙና ባለበት አገር «ምርጥ» የተባለ ማናቸውም ምድጃ ተመሳሳይ መስሎ ቢሸጥ ስሙ ራሱን አይከላከልም። ከሁሉ የሚያስቸግረው «ትክክል» ነው፤ «ትክክል ምድጃ ተጠቀሙ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አንባቢው የዕቃ ስም ነው ወይስ ምክር ነው? ብሎ ሁለት ጊዜ ማንበብ ግድ ይሆንበታል። የፊደላችን ትልቅና ትንሽ አለመኖሩ እንዲህ ባለው ስም ላይ ዕዳ ነው፤ ስም አውጪዎች ቢያስቡበት።

ስለ «ኃይል» ብዙ የተባለ ስለሆነ እኛ የምናክለው ጥቂት ነው። በአማርኛ «ኃይል» ሁሉንም ይሸከማል፤ የወንዝ ግፊት፣ የሠራዊት ብዛት፣ የመብራት ፈሰስ። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ስሙ በሕዝብ አፍ «መብራት ኃይል» ሆኖ ስለ ቀረ፣ ዛሬም ምጣዱ ሲጠፋ «መብራት ሄደ» ይባላል፤ መብራቱ ኤሌክትሪክን ሁሉ ወርሷል። ይህ ውርስ የሚያምር ቢሆንም በሒሳብ ደረሰኝ ላይ ያስቸግራል። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ 60 ዋት አምፖል በአንጻሩ ምንም ያህል አይደለም። ነገር ግን ምጣዱ በአንድ ሰዓት የፈጀውን ያህል አምፖሉ በ58 ሰዓት ገደማ ይፈጀዋል። የመጀመሪያው የፍጥነት ልክ፣ ሁለተኛው የድምር ልክ ነው። ሁለቱም «ኃይል» ከተባሉ አንባቢው ደረሰኙን ሊረዳ አይችልም። «ኢነርጂ» ባዕድ ነው ብለን ልንጥለው ስንሞክር የኖርን ብንሆንም፣ አሁን ለድምሩ «ኢነርጂ»፣ ለፍጥነቱ «ኃይል» እንዲባል መስማማት ይሻላል እንላለን። ለባዕድ ቃል በር መክፈት በራስ ቃል ከማምታታት የቀለለ ጥፋት ነው።

«የኢነርጂ ፍላጎትን መቀነስ» የሚለው ሐረግም ሊነቀፍ ይገባል። በምጣኔ ሀብት «አቅርቦትና ፍላጎት» ጸንቷል፤ ያንን አንነካም። ቤትን በሚመለከት ግን ፍላጎት የሰው ነው፤ ፍላጎትን መቀነስ ደግሞ ገዳም መግባት ነው። ቁይ ያለ ሰው በክረምት ሌሊት የሚፈልገው ሙቀት እንዲቀንስ ማን ይመክረዋል? የሚቀነሰው ያንን ሙቀት ለማግኘት ቤቱ የሚጠይቀው ማገዶ ነው። ስለዚህ ለተበላው «ፍጆታ»፣ ቤቱ በጠባዩ ለሚጠይቀው «የቤቱ ፍጆታ ልክ»፣ በአንድ ሰዓት በመስመሩ ላይ ለሚያርፈው «ጭነት» ማለት ይቻላል። በዚሁ አንጻር በስታቲስቲክስ ጽሑፎች የሚታየው «የመጨረሻ ኢነርጂ» ሌላ መሰናክል ነው። የዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ሕንፃዎች በአገልግሎት ላይ ሳሉ ከዓለም «የመጨረሻ ኢነርጂ» 30 በመቶ ያህሉን ይወስዳሉ ሲል፣ በአማርኛ ያነበበው ሰው ያለቀ፣ የቀረች ጥሪት ይመስለዋል። የተፈለገው ግን ከጣቢያና ከመስመር ብክነት በኋላ «ለተጠቃሚ የደረሰ ኢነርጂ» ነው፤ እንዲህ ብንለው ረዘመ እንጂ አልተሳሳተም።

ቆጣቢ ዕቃ የገዛ ሰው በተረፈው ማገዶ ብዙ እሳት ማንደዱ የታወቀ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል ሲጽፍ ይህንኑ አስተውሏል። በአማርኛ «ተቃራኒ ምላሽ» እና «የመመለስ ውጤት» የሚሉ ትርጉሞች አጋጥመውናል፤ ሁለቱም ለብቻቸው ምንም አይሉም። የዳነ በሽታ ተመልሶ ሲነሣ «አገረሸ» እንላለን። «የፍጆታ ማገርሸት» ቢባል የቁይ ገበሬም የአዲስ አበባ መሐንዲስም በአንድ ጊዜ ይረዱታል።

የሕንፃውን አካል ወደሚመለከቱት ስያሜዎች ስንመጣ የተሻለ ሀብት እናገኛለን። የጭቃ ቤት ግድግዳ በጭቃና በጭድ ይመረጋል፤ «ምርጊት» ይባላል። ጭዱ ጭቃውን እንዳይሰነጠቅ ከማሰሩም በላይ በውስጡ አየር ስለሚይዝ ብርድን ይገታል። ሣር ክዳኑም እንዲሁ ነው፤ ሌሊት ሙቀቱን ይይዛል፤ ቀን ፀሐይዋን ይመክታል። ቆርቆሮ ሲመጣ ዝናቡን አሸነፈ፤ ሙቀቱን ግን ለቀቀው። ስለዚህም ከቆርቆሮው ሥር አቡጀዴ ወይም የማዳበሪያ ሸራ መወጠር መጣ፤ ስሙም «ኮርኒስ» ሆነ። ይህ ቃል የመዝገበ ቃላት ሰው ሊያተኩርበት የሚገባ ነው። በጣልያንኛው በግድግዳ ራስ ላይ የሚዞረው የጌጥ ጠርዝ ነበር፤ አማርኛ ተቀብሎ ጣራውን በሙሉ አለበሰው፤ ከጌጥነትም አውጥቶ ሥራ ሰጠው። ባዕድ ቃል ሲገባ የሚጠብቀው ዕድል በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንደማይወሰን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አናውቅም።

ታዲያ ሙቀት እንዳያመልጥ በግድግዳና በክዳን ውስጥ የሚደረገውን ሁሉ የሚጠራው አጠቃላይ ስም ማን ይሁን? «ኢንሱሌሽን» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ «ከላካይ» የሚሉም አሉ። «ከላካይ» ለኤሌክትሪክ ሽቦ ተለምዷል፤ ለቤት ሲሆን ግን ከማን እንደሚከላከል አይናገርም፤ የጦር ቃልም ነው። እኛ «ገበር» እንላለን። ካባ ገበር አለው፤ ጃኬት ገበር አለው፤ ገበር በውጭ አይታይም፤ ሥራው ሙቀት መያዝ ነው። «የግድግዳ ገበር»፣ «የክዳን ገበር»፣ «ባለገበር ምጣድ» ማለት ያለ ትርጓሜ ይገባል። በላቀች ምድጃ ብረት ውስጥ የተለበጠው ሸክላም በዚሁ ስም ሊጠራ ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሥሩ ለምን ቶሎ እንደሚግል፣ ሙቀቱም ለምን ወደ ወለል እንደሚባክን ለገዢ ለማስረዳት «ገበር የለውም» ከማለት የበለጠ አጭር መንገድ አይታየንም። በከተማ በብሎኬት የተሠራ ቀጭን ግድግዳም ገበር የሌለው ልብስ ነው።

የመጨረሻው ነጥባችን ከስያሜ ይልቅ ግሥን ይመለከታል፤ ደግሞም ከሁሉ የሚያሳስበን ይኸው ነው። የብርድ አገር መመሪያዎች ስለ ቤት ሙቀት ሲጽፉ ከሚያስቀድሙት ትእዛዝ አንዱ ነፋስ የሚገባበትን ስንጥቅ ሁሉ መድፈን ነው። በዚያ አገር ምድጃው ጭስ ማውጫ አለው ወይም እሳቱ ከቤት ውጭ ነው፤ ትእዛዙ ትክክል ነው። ይኸው ዓረፍተ ነገር «የቤትዎን ቀዳዳዎች ይድፈኑ» ተብሎ ቃል በቃል ሲመለስና ጉልቻው መሐል ወለል ላይ ወዳለበት፣ ጭሱ በግድግዳና በክዳን መካከል ባለው ክፍተት ወደሚወጣበት ቤት ሲገባ ግን ገዳይ ምክር ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በሚፈጠር የአየር ብክለት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል። በከተማም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድዶ የተኛ ቤተሰብ «ከሰል አፈነው» ሲባል መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። ቋንቋው ራሱ ማስጠንቀቂያውን ይዟል፤ «ደፈነ»፣ «አዳፈነ» እና «አፈነ» በድምፅ ይጎራበታሉ። ቀዳዳ ይደፈናል፤ ፍም ይዳፈናል፤ ሰው ይታፈናል።

ተርጓሚው እዚህ ላይ የቃል አቻ አግኝቻለሁ ብሎ ብዕሩን ሊያስቀምጥ አይገባውም። በትርጉሙ ውስጥ በዋናው ጽሑፍ የሌለ ሐረግ መጨመር ይኖርበታል፤ ይህንንም በማድረጉ ታማኝነቱ አይጎድልም፤ ዋናው ጸሐፊ ሳይናገረው የታሰበውን ጭስ ማውጫ ነው ወደ ጽሑፉ የሚያስገባው። ለምሳሌ ያህል እኛ የምንጽፈው እንዲህ ነው፦ «እሳት የሚነድበት ክፍል የጭስ መውጫው አይደፈን። በመኝታ ክፍል ከሰል አይደር። ነፋስ የሚያስገባው የመኝታ ክፍሉ ስንጥቅ ግን በጭቃና በጭድ ይመረግ፤ ክዳኑም ገበር ይኑረው።» «ይደፈን» ያላልነው አውቀን ነው፤ «ይመረግ» ሲባል የሚታሰበው ግድግዳው ነውና፣ የጭስ መውጫውን ማንም አይመርግም።